የቤዛ ደወልና ያንተ ዝምታ

ሙሉጌታ፣ የልጄ አባት፤

ቁስቋም ካሳረፍንህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው በመጻሕፍትህ በኩል ማፍሰስ ስለጀመረ ሁሉንም ወደ ሳሎን አውጥቻቸዋለሁ። ውሃውም እንደ ድሮው ነው፤ ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ይጠፋል።

የምጽፍልህ ስለ ቤዛ ነው። ውሃ ቧንቧው ውስጥ ሲገባ የምትጮኸውን ደወል ታስታውሳታለህ? ከተሰበረ ሬዲዮና ከአሮጌ ስልክ ባትሪ የሠራቻትን? አንተ ዕድሜህን ሙሉ ኤሌክትሪክ ያስተማርክ ሰው ነህ። ልጅህ ደስ ብሏት ስታመጣልህ ገለባብጠህ አየሃትና፣ «ይሄ እኮ ማንም ከኢንተርኔት አይቶ የሚገጣጥመው ነው» አልካት። ውሸት አልተናገርክም። ግን እሷ ገና ቆማ ስትጠብቅህ ወደ ምሳህ ተመለስክ። ፊቷን ያየሁት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ጎረቤቱ ደወሏን ወደዳትና ለየቤቱ ሠራችላቸው። ወሬው ትምህርት ቤቷ ደርሶ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ አወጧት። «የፈጠራ ባለቤት» ብለው ካባ ደረቡላት፤ ሹማምንቱ በግራ በቀኝ ቆመው ፎቶ ተነሡ። ስለ ውሃው ያነሣ ግን አልነበረም። ማይኩን ሲሰጧት፣ ፈጠራ እንዳልሆነ፣ ከኢንተርኔት አይታ እንደገጣጠመችው፣ ውሃ በወጉ ቢመጣ ደወሏ ጨርሶ እንደማታስፈልግ ተናገረች። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። አንዱ ማይኩን ከእጇ ወሰደው። በማግስቱ ፌስቡክ ላይ አታላይ የሚላት በዛ፤ ፈጠራ ነው ያሉት እነሱ፣ ስሙ የጠፋው የሷ።

ቤት ስንገባ ካባውን አጣጥፋ ወንበር ላይ አኖረችና፣ «አባዬ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር?» አለችኝ።

መልካም ነገር ልፈጥርልህ አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ያላልከውን እንዴት ብዬ ልበልልህ? ገባትና ወደ ክፍሏ ሄደች።

ሰው አሁንም ምስጋና ይገባታል፣ አይገባትም እያለ ይከራከራል። ከከተማው ላይገባት ይችላል። ካንተ ግን ይገባት ነበር፤ አንዲት «እጅሽ ይባረክ» ትበቃት ነበር። ይህን ለመናገር መሐንዲስ መሆን አያሻም፣ አባት መሆን ይበቃል።

አልረሳህም። ስምህን በየዓመቱ በጸሎት አስጠራለሁ፤ ዝክርህንም አላስታጉልም። ግን እንደ አልቃሽ አሳምሬ አላነሣህም። ደግነትህን ይዤ፣ ለልጅህ የነፈግካትንም ይዤ፣ እንደነበርከው አስታውስሃለሁ።

ባለቤትህ፣ የቤዛ እናት