የእህቴ ወንበር እንዴት የዳኛው ወንበር ሆነ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ዳይሬክተር፣

ሙሉ ጤናና የሰላም እንቅልፍ እየተመኘሁልዎ፣ ቅድመ አያቴ የሠሩትን፣ እኔም ተወልጄ ያደግሁበትን ቤት እንዲህ አሳምረው ለሕዝብ ስላሳዩልን አመሰግናለሁ። ጣሪያው እንኳ ማፍሰሱን ትቷል፤ እኛ ስንኖርበት ያላየነው ነገር ነው።

የምጽፍልዎ ሳሎኑ ውስጥ በቀይ ገመድ ስላስከለሉት አጭር ወንበር ነው።

አንደኛ፣ መግለጫው ዳኛ የነበሩት ቅድመ አያቴ ባለጉዳይን ዝቅ ብለው ለማነጋገር ሲሉ የወንበራቸውን እግር በትሕትና እንዳሳጠሩ ይናገራል። ይህን ለአያቴ ባነበብኩላት ጊዜ ከሐዘናችን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ አባቷ እንኳን ለባለጉዳይ ለገዛ እናታቸውም ዝቅ ብለው አያውቁም ነበርና። እግሩን የቆረጠው አባቴ ነው። ታናሽ እህቴ ታማ ስትቀመጥ እግሯ እየተንጠለጠለ ያብጥባት ስለነበር፣ ወለሉን እንዲነካላት ብሎ ነው።

ሁለተኛ፣ መደገፊያው ላይ ያለው እድፍ የዳኛው የፍርድ ቀለም ነው ተብሎ ለጎብኚ ይተረካል። እህቴ አልውጥም ብላ የተፋችው የመድኃኒት ሽሮፕ ነው። ይህንኑ ለአስጎብኚዎ ብነግራቸው፣ በባለሙያ የተረጋገጠ ነገር ነው፣ ይልቅ እጅህን ከገመዱ ላይ አንሣ፣ አሉኝ። ባለሙያው ቀምሰውት ከሆነ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ አያቴ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ስትሰጥ ለሙዚየሙ የሚቀረውን ዕቃ ሳሎን፣ ይዘን የምንወጣውን፣ ወንበሩን ጨምሮ፣ በረንዳ ላይ አስቀምጠን ነበር። ሠራተኞችዎ ለርክክብ የመጡት እኛ እህቴን ልንቀብር በወጣንበት ዕለት ነው። ሰው ቢያጡ ያገኙት ሁሉ ላይ ቁጥር ለጠፉ፤ የእናቴ የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ሳይቀር ታሪካዊ ሆነ። ባልዲውን ስለመለሱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ወንበሩን ግን የማይተካ ቅርስ ነው ብለው ከለከሉን። የማይተካ መሆኑን እኛም እናውቃለን።

ሰው ቆሞ የሌለ ትሕትና እያደነቀበት ነው። እባክዎ ይመልሱልን።

ለቅርስ ያለዎት ፍቅር ለቅርሱ ባለቤቶችም ጥቂት እንዲተርፍ እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣

ከገመዱ ወዲህ የሚቆመው ወንድሟ

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ሳምንት የታሪክ መምህራችን ሙዚየምዎን ሊያስጎበኙን ነው፤ አስጎብኚው ከሚሉት ፈተና ይወጣል ተብለናል። ወንበሩ የማን ነው የሚል ጥያቄ ከመጣ የእህቴን ስም ጽፌ ዜሮዬን እቀበላለሁ። ወረቀቱን ለእርስዎ እልከዋለሁ፤ ስለዚያ ወንበር የተጻፈ እውነት እሱ ብቻ ስለሚሆን፣ መስታወት አልብሰው አጠገቡ ቢያስቀምጡት አይከፋኝም።