ስለ እናቴ ክፍል ግድግዳ እና ተሰረቀ ስለተባለው የሰፈር ሙቀት

ለተከበሩ ጋሽ አራጋው
ከሰኞ ገበያ በላይ ላለው ቅሬያችን ዳኛ
ደሴ

ጋሽ አራጋው፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ? ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ ሁለት ጋቢ ደርበው፣ በላዩ ካፖርት ጭነው፣ ኮፍያዎን እስከ ቅንድብዎ አውርደው፣ ሰፈራችን ለሌላ የሚተርፍ ሙቀት እንደሌለው ሲያስረዱ ሳይዎት ስለ ጤናዎ ከልቤ ሰግቻለሁ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ዳኛ የሞተ ሰው ሳይኖር ድንኳን መትከል ይችል እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁምና።

እኔ ኪዳኑ ፈንታሁን ነኝ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የወይዘሮ አትጠገብ ልጅ፣ መስከረም ላይ ያረፈችው የጽናት ታናሽ ወንድም። እርስዎ በሚገባ ያውቁኛል፤ ይህን የጻፍኩት በቅሬው ዕቃ ቤት በር ላይ ቆሞ ደብዳቤውን የሚያነብ መንገደኛ ግራ እንዳይጋባ ነው፤ ቅሬ የምንለውም እድራችንን ነው። ልጅ በቅሬው ስብሰባ ላይ እንዳይናገር ሲወስኑ በጽሑፍም እንዳይናገር መወሰን ስለረሱ፣ ለዚህ መዘንጋትዎ የመጀመሪያውን ምስጋናዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

እህቴ ጽናት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማቀዝቀዣ ክፍሎችን የምትጠግን ባለሙያ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ብርድ ስትጠግን ሰንብታ ቅዳሜ ወደ ደሴ ስትወጣ እናታችንን ከከሰል ማንደጃ አጠገብ ተኮራምታ ታገኛታለች። ዓምና በጥር ወር እናታችን በሩን ዘግታ፣ ከሰሉ እንደተቀጣጠለ እንቅልፍ ወስዷት፣ ራሷን ስታ በተገኘች ጊዜ በቅሬው ቃሬዛ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ያወጧት፣ ከዚያም እስከ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተከትለው የሄዱት እርስዎ ነበሩ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ አንዳች ሽሙጥ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽናት አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፤ «እማዬ እኮ ፍሪጅ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ እኔ ፍሪጁን እገለብጠዋለሁ።»

መገልበጥ ያለችው የሙቀት ፓምፕ ማስገባትን ነው። ፍሪጅ ከሆዱ ውስጥ ሙቀት እያወጣ በጀርባው ይተፋል፤ የሙቀት ፓምፕ ደግሞ ከውጭው አየር ላይ ሙቀት እየለቀመ ወደ ቤት ያስገባል። ውጭው ምንም ቢቀዘቅዝ አየሩ ውስጥ የሚለቀም ሙቀት አይጠፋም። ኮምቦልቻ ላይ ሰው ቤቱን ለማቀዝቀዝ የሚገዛው መሣሪያ፣ በትክክል ከተመረጠ፣ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ቤት ያሞቃል። ይሁንና መምረጡ ቀላል አልነበረም። አንዱን ማቀዝቀዝ ብቻ ነው የሚያውቀው ብላ ተወችው፤ ሌላውን የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ይለግማል ብላ ተወችው፤ አንዱን ደግሞ እኔ በግዝፈቱ ወድጄው እንድትገዛው ብወተውታት፣ «ሳሎኑን ለማን ልታሞቅ ነው? ለእንግዳ? እማዬ የምትተኛው ጓዳ ነው!» ብላ አፌን አስያዘችኝ። መሣሪያው ከመምጣቱ አስቀድማም የእናታችንን ክፍል መስኮት ዙሪያውን በጎማ ደፈነች፤ ኮርኒሱን አሠራች፤ የበሩን ሥር ሳይቀር ነፋስ እንዳያስገባ አደረገች። ከዚያ መሣሪያውን አዘዘች።

መሣሪያው ሳይደርስ እሷ ታመመች፤ ሳምንትም ሳትቆይ አረፈች። የአባታችን ዘመዶች ከአባታችን ጎን እናሳርፋታለን ብለው ወደ ኩታበር ወሰዷት፤ ለቅሶውም እዚያው ሆነ። ቅሬው ያሳደጋትን ልጅ በገዛ እጁ ባለመቅበሩ ምን ያህል እንደተከፋ አውቃለሁ። እርስዎም «ድንኳናችን እንደታጠፈ ቀረ» እያሉ ስንት ቀን ሰው ማናገር እንዳቆሙ አይቻለሁ። የኋላው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ቅሬታ ይመስለኛል፤ ስለዚህ አቤቱታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥሩንባው። የጽናት የሥራ ባልደረባ ሀምዱ መሣሪያውን ከኮምቦልቻ ሲልክልን በመንገድ እንዳይጎዳ በሳንቃ ሣጥን ውስጥ አሸገው። የመዳብ ቧንቧው እንዳይጣመም ብሎም ሣጥኑን በሰው ቁመት ልክ አሠራው። ትዕዛዙ በስሟ ስለነበር በክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም «ጽናት ፈንታሁን፣ ደሴ» ብሎ ጻፈበት። አይሱዙው ወደ ሰፈራችን መግባት ስላልቻለ አራት ሸክመኞች ሣጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ቤታችን አመጡት። የቅሬያችን ለፋፊ ጋሽ ሀይደር ይህን አየ። በኋላ ሲጠየቅ፣ «ወላሂ እኔ ስሟን ነው ያየሁት፤ ስሟ ከተጻፈበት ወዲያ ምኑን ልጠይቅ?» አለ። እርስዎ ግን ሰው ስለሚጠይቁ ሸክመኞቹን ጠየቁ፤ እነሱም «ለሟቿ ቤት ነው» አሉዎት፤ እርስዎም «ኩታበሮች ልብ ገዙ፤ ልጃችንን መለሱልን!» ብለው ድንኳኑ እንዲወጣ አዘዙ። ሀምዱ ጠንቃቃ ሰው በመሆኑ በሣጥኑ ጎን ላይ እንዳይሰበር ብርጭቆ፣ እንዳይገለበጥም ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ሥሎበት ነበር። ብርጭቆው ለምን እንዳላጠራጠረዎት አላውቅም፤ ቀስቱን ግን የመንግሥተ ሰማያት አቅጣጫ መስሎዎት እንደሆነ እረዳለሁ።

ጥሩንባው ተነፋ፤ ሰፈሩ በለቅሶ ወጣ። እናቴ ጫማ ሳታደርግ ሮጣ ደረሰችና እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። እኔ ራሴ ለትንሽ ጊዜ መሣሪያ መጠበቃችንን ረስቼ፣ ስሟን እያየሁ፣ እውነት መሰለኝ። ከዚያ አንዱ በመዶሻ ክዳኑን አነሣና ነጩ ማሽን ታየ። ለቅሶው ቀጥ አለ። እናቴ ማሽኑን አየች፣ ስሙን አየች፣ እርስዎን አየች፣ ከዚያም የቅሬው አግዳሚ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። «ይቺ ልጅ ሞታም ዕቃ መላኳን አልተወችም!» አለች። ያኔ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳቀ፤ ሲስቅ ቆይቶም መልሶ አለቀሰ፤ ይህኛው ለቅሶ ግን ከበፊቱ የተሻለ ነበር። እናቴ ከመስከረም ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ስለዚህ በጥሩንባው ላይ ያለኝን አቤቱታ አንሥቻለሁ፤ እዚህ የተውኩት ቁጥሩ እንዳይዛነፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ድንኳኑ። ሌላ ሰው ቢሆን «ተሳስተናል» ብሎ ድንኳኑን ያጥፍ ነበር። እርስዎ ግን የቅሬው ድንኳን በስህተት ሊተከል ስለማይችል፣ «ለጽናት የዘገየ ለቅሶ ነው የተተከለው» ብለው ወሰኑ። ይህም የሚያኮራ ውሳኔ ነው። ከውሳኔው ግን ሌላ ውሳኔ ተወለደ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ የተጀመረው ያን ዕለት ከሆነ ሐዘኑም የሚቆጠረው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነው፤ ሐዘን ላይ ያለ ቤት ደግሞ ግድግዳ አይበሳም፤ ስለዚህ እስከ ሙት ዓመቷ እንድንታገሥ ተነገረን። እህቴን ለማክበር እህቴ የለፋችበትን ነገር በሣጥን ማቆየት እንደሚገባ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የፊዚክስ መምህሬ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አስተምሮኝ አያውቅም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሌብነቱ። ከሳንቃው ሲወጣ መሣሪያው ራሱ ሁለት ሣጥን ነው፤ አንዱ በእናቴ ክፍል ውስጥ ይሰቀላል፣ ሌላው ደግሞ አየር እንደ ልቡ በሚያገኝበት የውጭ ግድግዳ ላይ። ከቤታችን ግድግዳዎች አንዱ ከጎረቤት ግንብ ጋር ስለተጣበቀ መተንፈሻ የለውም፤ የፊተኛው መሣሪያው የሚያንጠባጥበውን ውኃ በመንገደኛ ራስ ላይ ያፈሳል፤ የቀረው ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት ግቢ የሚመለከተው ነው። ብርዱ ሙት ዓመቷን ስለማይጠብቅ፣ ሀምዱ መሰርሰሪያውን ይዞ የመጣ ዕለት በጨዋ ደንብ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ስብሰባው ገባን። እርስዎ ሙቀቱን ከየት እንደሚያመጣ ጠየቁኝ፤ እኔም ትምህርቴን ለማሳየት ቸኩዬ «ከግቢው አየር ላይ» አልኩ። አየሩ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ «የሁላችንም» አልኩ። «ሰማችሁ? የሁላችንንም ሙቀት ለአንድ ጓዳ!» አሉ፤ ተጨበጨበልዎ። መናገር የተከለከልኩትም ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ አራጋው፣ የጋራ አየር ላይ ያለዎትን ቁጥጥር አደንቃለሁ፤ የጋራ ፀሐይም እንዲጨመርበት በትሕትና እጠይቃለሁ። የእርስዎ በርበሬ በዚያው በቅሬው ግቢ የሁላችንንም ፀሐይ ሰሞኑን ብቻውን ሲሞቅ ሰንብቷል፤ ማንም በሌብነት አልከሰሰውም።

ለመፍትሔም አልሰነፉም፤ «ሁለቱንም ሣጥን ቤት ውስጥ ስቀሉት፤ ምን ችግር አለው?» አሉን። ሀምዱ በአክብሮት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ጋሽዬ፣ ወላሂ እንዲያ ከሆነ አንዱ ያሞቀውን ሌላው ያቀዘቅዘዋል፤ ቆጣሪው ብቻ ነው የሚሮጥ» አለዎት። እኔ ግን ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። እንዲህ ያለ፣ ብዙ ድምፅ እያሰማ በነበረበት የሚቆይ ነገር ከቅሬያችን ስብሰባ ሌላ አይቼ አላውቅም። «መብራት ሲጠፋስ?» ላሉትም መልሱ አጭር ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይበርደናል። አሁን ግን መብራት ኖረም አልኖረም ይበርደናል።

አራተኛ፤ ስለ ከሰሉ። እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ልቀንስ። ፈቃዱን በከለከሉን ማግስት፣ እናቴ እንዳይበርዳት ብለው አንድ ጆንያ ከሰል ላኩላት፤ «አብሽሪ» ብለውም አስነገሩላት። ቸርነትዎን አልጠራጠርም። እናቴ ግን ይሉኝታ ያለባት ሰው ናት፤ «ጋሽ አራጋው በሰጡኝ ከሰል ካልሞቅኩ ይቀየሙኛል» ብላ በየማታው ታቀጣጥለዋለች። ጽናት መስኮቱንና በሩን የደፈነችው ሙቀት እንዳያመልጥ ነበር። አሁን የማያመልጠው የከሰሉ ጢስ ሆኗል። ክፍሉ ዓምና በቃሬዛ ካወጧት ጊዜ ይልቅ ዛሬ የታፈነ ነው። እኔ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ እሷ በረደኝ ብላ ትዘጋዋለች፤ እንዲህ ስንከፍትና ስንዘጋ እናነጋለን። እህቴ እናቷን ለማዳን የሠራችው ክፍል እናቴን እንዳይወስድብኝ እፈራለሁ። አንዷን ቀብሬ መጥቻለሁ፤ ቅሬው ድንኳኑን የሚተክልበት እውነተኛ ምክንያት እንዲያገኝ አልፈልግም።

ስለዚህ የከሰሉን ጆንያ መልሼ ይህ ደብዳቤ ከተለጠፈበት በር ሥር አስቀምጫለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በእናቴ ክፍል ከሰል አይነድም፤ ሙቀትም የለም። የሚመጣው እሑድ ስትሰበሰቡ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ግድግዳ ላይ የውጭውን ሣጥን እንድንሰቅል ይፍቀዱልን። ሀምዱ የቧንቧ ማሳለፊያውን ቀዳዳ ዝናብ እንዳይገባበት ወደ ውጭ ዘቅዘቅ አድርጎ ይበሳዋል፤ እንዳይጮኽም ከሥሩ ጎማ ያደርግበታል፤ ውኃውንም በቱቦ ከግቢው ያስወጣዋል፤ በርበሬዎ አይነካም። እሑድ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ ስብሰባው እስኪያልቅ መሰርሰሪያውን ይዞ በር ላይ ይጠብቃል። እባክዎ ንግግርዎን ያሳጥሩለት፤ ውጭው ይበርዳል።

የሰፈራችንን አየር ከሌቦች፣ ግድግዳዎቻችንን ከሚስማር፣ ድንኳናችንን ከስህተት ለሚጠብቁት ለእርስዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ በሌብነት የተከሰሰችውን እናቴን በመወከል እጅ እነሣለሁ።

ኪዳኑ ፈንታሁን
የሟች ጽናት ፈንታሁን ወንድምና የመስኮት ከፋች
ኅዳር፣ ደሴ

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ አንብቤላታለሁ። «ጋሽህን እንዲህ አይባልም» ብላ ተቆጥታ ብዙውን እንድሰርዝ አዘዘችኝ፤ በርበሬው ጋ ስደርስ ግን ጋቢዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ ስለዚህ ምንም አልሰረዝኩም። ፈቃዱን ከሰጡ፣ መሣሪያው የሚነሣ ዕለት ጋሽ ሀይደር ጥሩንባውን እንዲነፋልን ትለምናለች፤ ያን ጊዜ ጽናት መጣች ቢባል ስህተት አይሆንም። ድንኳን አያስፈልግም፤ ሰው ሁሉ ወደ ጓዳው ይገባል። እርስዎም ቀድመው ይገባሉ፤ ሙቀቱ ሲመታዎ ካፖርትዎን የሚሰቅሉበት ሚስማር ከአሁኑ መትቻለሁ። የውስጥ ግድግዳ ስለሆነ ፈቃድ አልጠየቅኩም።