ቅዳሜ የሚቆረጠው የጎማ ዛፍ

ሰኞ፣ ጥር 12
ዛሬም የጎማው ዛፍ ቅጠል ሻዬ ውስጥ ወደቀ። ቅጠል ነው ወይስ ትሪ? ግማሹ ሻይ ሱሪዬ ላይ... ልከሰው አስቤ ነበር። ጎረቤቴ ኮርሳ ቀደመኝ። ሥሩ የላቫጆዬን ግንብ ሰነጠቀው ብሎ ለሁለታችንም አከራይ ለእትዬ ገዲሴ ነገራቸው። ቅዳሜ ሳምንት ይቆረጣል።
ግንቡ ተሰንጥቋል፣ አልዋሽም። ግን ኮርሳ ዛፉን "ለምን ይጠቅማል?" ማለቱ ምን ማለት ነው?

ማክሰኞ፣ ጥር 13
ከወፎች በፊት ነቃሁ። አሥራ አንድ ዓመት ደቡብ ምዕራብ የጎማ እርሻ ላይ የሠራ ሰው ከዚህ በላይ አይተኛም። ዛፉ ወተቱን የሚሰጠው ፀሐይ ሳይሞቅ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ ለመድኩት።
ይኼ የግቢያችን ዛፍ የዚያኛው የእርሻው የሩቅ ዘመድ ነው። ወተቱ ትንሽ ነው። ቢሆንስ?
ቢላዬን ከሳጥን አወጣሁ። ልጣጩን ብቻ፣ ዘንበል አድርጎ። እንጨቱን ከነካህ አቆሰልከው። የቲማቲም ጣሳ ከሥሩ አሰርኩ። ጠብ... ጠብ...
የእህቴ ልጅ ራኬብ ወጥታ አየችኝ። ላም ገዙ እንዴ አለችኝ። ዝም ብለሽ ሎሚ ጭመቂ አልኳት።

ሐሙስ፣ ጥር 15
የሦስት ጠዋት ወተት በሎሚ ረጋ። በጠርሙስ ዳምጬ ከካልሲዎቼ ጎን አሰጣሁት። ራኬብ ከካልሲዎቹ ይብሳል ትላለች። ካልሲዎቼን ስታመሰግን የመጀመሪያዋ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 19
ደረቀ። ስስ፣ ቡናማ፣ ስትስበው የሚመለስ።
የኮርሳ ላቫጆ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ከመስከረም ጀምሮ ያንጠባጥባል። በማለዳ ዘበኛውን ዋቅጅራን ለምኜ ገባሁ። ኮርሳ የጠመጠመበትን ፌስታል ገፍፌ የዛፌን ጎማ ጠመጠምኩ፣ በሽቦ አሰርኩ። ለማንም እንዳይናገር ዋቅጅራን አስማልኩት። በስልሳ ሦስት ዓመቴ እንደ ሌባ ጎንበስ ብዬ ስወጣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 21
ጠብ አይልም። ኮርሳ የሀና ማርያምን ሱቆች አዳርሶ ያጣውን ጎማ ማን እንዳሰረለት ሲጠይቅ ዋለ። እኔንም ጠየቀኝ። እኔ ግንብ ሰንጣቂ እንጂ ቱቦ ጠጋኝ አይደለሁም አልኩት።
ራኬብ ይንገሩት ትለኛለች። አልነግረውም። ልመና ይመስላል። ከቆረጠውም ቱቦው እየሠራለት ይቁረጠው። ይኼ ይበቃኛል? ...አይበቃኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 24
ወንበሬን ግንዱ ሥር አስቀምጬ እጽፋለሁ። አልነሳም። መጋዙ መጀመሪያ እኔን ያነጋግር። ራኬብ እርጥብ ልብስ ሁሉ ቅርንጫፎቹ ላይ ሰቅላለች፤ ቆራጮቹን ይኼ ልብስ ማስጫ ነው ልትላቸው። ሻዬ ውስጥ ቅጠል ወደቀ። አውጥቼ ጠጣሁት።
በሩ ተንኳኳ። ሰዎቹ...

ሰዎቹ አይደሉም። ኮርሳ ነው፣ ብቻውን። ዋቅጅራ መሐላውን አልቻለውም ለካ። ዛፉ አይቆረጥ ብዬ ለእትዬ ገዲሴ ነግሬያቸዋለሁ አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። በእጁ የታጠበ የቲማቲም ጣሳ ይዟል።
"ጋሼ ወጋየሁ... በእኔ ግንብ በኩል ያለው የግንዱ ጎንስ ወተት አለው?"