ማንም ከብረት ሥር ብቻውን አይተኛ፦ የአቶ ኤፍሬም ብርሃኔ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤፍሬም በ1966 ዓ.ም. በኅዳር ወር አጣዬ ከተማ ሲወለዱ፣ ለአባታቸው ለአቶ ብርሃኔ አሰፋና ለእናታቸው ለወይዘሮ ደስታዬ ሞገስ የበኩር ልጅ ነበሩ። እስከ አሥረኛ ክፍል በዚያው ከተማ ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን አቋርጠው በእህል ጫኝነት ቤተሰባቸውን ረድተዋል።

በ1994 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወይንሸት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ቤዛዊትንና ኪሩቤልን ወልደዋል።

በ2000 ዓ.ም. በቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ እየሞሉ በሠሯቸው ክብደቶች አጣዬ ላይ ጂም ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. ከተማዋ ስትቃጠል ቤታቸውም ጂሙም ወደመ። ከአመዱ ውስጥ ሳይጣመሙ የተረፉትን ዘንጎች ብቻ መርጠው ሸዋ ሮቢት በመውረድ እንደገና ጀመሩ።

አቶ ኤፍሬም በጀርባው ተኝቶ ከባድ ብረት ለሚያነሳ ሰው ሁልጊዜ የሚይዝለት ሰው እንዲቆም ያስገድዱ ነበር። የሚይዘው ሰው ከአንሺው ራስጌ ይቆማል፤ ስንት ጊዜ እንደሚያነሳ አስቀድሞ ይጠይቀዋል፤ ስልኩን አይነካም፤ ዓይኑን ከብረቱ አይነቅልም። አንሺው እየገፋ ሳለ አይነካበትም፤ ብረቱ መውጣት አቅቶት ሲመለስ ግን በሁለት እጁ ይቀበለዋል።

ወጣቶቹ ይህን እንደ ፍርሃት ቆጥረውት ነበር። ያዙኝ ያለውን ሁሉ «ምነው፣ ያዙኝ ልቀቁኝ አበዛህሳ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሙዐዊያ የተባለ ሠልጣኝ ይህን ፌዝ ፈርቶ፣ ማንም ሳይቆምለት ከአቅሙ በላይ አነሳ። ብረቱ ደረቱ ላይ ወድቆ ወደ አንገቱ ሲንከባለል አቶ ኤፍሬም ሮጠው ደረሱለት። ትንፋሹ ሲመለስ «ጋሼ፣ ያዙኝ ማለት አሳፈረኝ» አላቸው። እሳቸውም «አንተ ያዙኝ በል እንጂ፣ ልቀቁኙን ለሰካራም ተውለት» አሉት። ከዚያ ወዲህ በጂሙ ውስጥ ያዙኝ ብሎ የተሳቀበት የለም።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ተገኝቶባቸው ሐኪም ከባድ ነገር እንዳያነሱ ከለከላቸው። ሆኖም ለኪሩቤል የሚይዙለት እሳቸው ስለነበሩ አላቆሙም። ባለቤታቸው «አንዱ ከሥር፣ አንዱ ከራስጌ፤ ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ልቅበራችሁ?» ብለው ስለለመኗቸው ሙዐዊያን አሠልጥነው ቦታቸውን ለቀቁለት። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

ሕመሙ ጸንቶባቸው ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደው ቢታከሙም፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ያሠለጠኗቸውን ብዙ ወጣቶች ጥለው አልፈዋል።

ኪሩቤል የአባቱን ጂም እንደማይዘጋ ተናግሯል። ወይዘሮ ወይንሸት ግን ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ልጃቸው ሐዘኑን ለመርሳት ብሎ ሰው በሌለበት ሲገባ፣ ከአቅሙ በላይ ጭኖ ሲተኛ፣ ድምፁን የሚሰማ ሲጠፋ ይታያቸዋል። ስለዚህ የጂሙ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ይቆያል። ለኪሩቤልም ቢሆን፣ ለአንድ ሰው አይሰጥም። ሁለት ሆናችሁ ኑ፤ ይከፈትላችኋል።

እግዚአብሔር የአቶ ኤፍሬምን ነፍስ ያሳርፍልን፤ የቀሩትን ልጆች ይጠብቅልን። አሜን።