ከጎማ የተመዘዘ መረብ

ደምሴ ወንድሜ፣

የምጽፍልህ ከአዋሳ፣ ከአሞራ ገደል ነው። ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር ካሰች የምትባል ሴት ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ በካራ ሰንጥቃ፣ ከውስጡ የናይሎኑን ክር አንድ በአንድ ስትመዝዝ አገኘኋት። ዓሣ አጥማጁ ባሏ ግዛቸው አጠገቧ ተቀምጦ በዚያው ክር መረብ ይሠራል። አዲስ አበባ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ እናወጣለን፤ እዚህ ዓሣ ያጠምዱበታል።

«የፋብሪካ መረብ አትገዙም?» አልኳቸው።

«ከጃፓን ይመጣ ነበር፤ ቀረ» አለ ግዛቸው። «ማኅበራችን እንዲያስገቡልን ካመለከተ ሁለት ዓመት ሆነው። የውጭ ምንዛሪ የለም አሉን። ይሄ ክር ደግሞ ወፍራም ነው፤ ዓሣው እያየው ይሸሻል።»

ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጣውን ማመልከቻ አውቀዋለሁ። «ይቆይ» ብዬ የፈረምኩበት እኔ ነኝ። ዝም ብዬ መሄድ እችል ነበር፤ ግን ነገርኳቸው። ግዛቸው ቀና ብሎም አላየኝ። ካሰች የጎማውን ጫፍ አቀበለችኝና «እንግዲያው ይቀመጡና ይምዘዙ» አለችኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ስመዝዝ ቆየሁ። ጣቶቼ ተላጡ፤ ያወጣሁት ክር ግን ለአንድ ክንድ መረብ እንኳ አይበቃም።

ማመልከቻው በጠረጴዛዬ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰኞ አውጣውና ለኃላፊው አቅርብልኝ፤ ያዘገየሁት እኔ መሆኔንም ንገረው። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን የሺንና ልጆቹን ሳምልኝ። ካሰችም ሰላም ብላሃለች፤ ጉዳዩ ከእንግዲህ በማን እጅ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ስምህን ነግሬያታለሁ።

ታደሰ
ኅዳር ፲፱፻፸፮