«ሁሉንም ይዝሩት» ያልኩ ቀን

እማዬ፣ ከተለያየን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በቀብርሽ ዕለት እንባ እንኳ አልወጣትም ብለው የታዘቡኝ ሰዎች ነበሩ። እውነታቸውን ነው፤ ያኔ አልመጣልኝም። አሁን ግን ማሳ ለማሳ ስዞር በድንገት ይመጣብኛል፤ ሰው እንዳያየኝ በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ አልፋለሁ። የምጽፍልሽ ስለናፈቅሽኝ ብቻ አይደለም። ፈርቻለሁ። ፍርሃቴን ደግሞ ከአንቺ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ከደብረ ታቦር ወደ ቀበሌያችን ተዛውሬ አንቺው ቤት ገብቻለሁ። የጉና ተራራን ብርድ ችሎ የሚቆይ የግብርና ልማት ሠራተኛ ስለጠፋ፣ ልሂድ ስላቸው አለቆቼ ብዙም አላንገራገሩ። ጣራው ያፈስ ነበር፤ ወንድምሽ፣ አጎቴ ታደሰ፣ ሁለት ቆርቆሮ ቀየሩልኝ። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት።

ብርዱም ቢሆን አንቺ የምታውቂው አይደለም። በልጅነቴ ጠዋት ስንወጣ በውርጭ ነጭ ሆኖ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሽ የነበረው ሣር፣ አሁን በስንት ጊዜው አንዴ ነው የሚታየው። ከታች ካሉት አገሮች ብቻ የምናውቀው በቆሎ ሽቅብ ወደ እኛ እየወጣ ነው። ይህስ ባልከፋ፤ ያስቸገረን ዝናቡ ነው። አንዳንዴ ቀድሞ መጥቶ ያታልላል፤ አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣና በአንድ ቀን አፈሩን ጠራርጎት ይሄዳል። ገበሬው ግራ ሲገባው ወደ እኔ ያያል። እኔ ደግሞ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ እወጣለሁ፤ ከወረዳ የሚላከውን የአየር ትንበያ አንብቤ እወርዳለሁ።

ዘንድሮ በግንቦት መጀመሪያ ዝናቡ ገባ። መልእክቱ ግን ይቋረጣልና ገበሬው በመዝራት አይቸኩል ይላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስቤ እንዲጠብቅ ነገርኩ። ሰሙኝ። ያንቺ ልጅ ስለሆንኩ ጭምር ይመስለኛል የሰሙኝ። ዝናቡ ግን አልቆመም። አንድ ሳምንት ዘነበ፤ ዐሥረኛውም ቀን ዘነበ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ዘርተው ቡቃያቸው አረንጓዴ ሆኖ ከደጃችን ይታይ ጀመር። መንገድ ላይ ሰላምታው አጠረብኝ። የስንቱን ቤት ዓመት አበላሸሁ እያልኩ ቤቶቹን እቆጥር ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን አጎቴ ቢሮዬ መጥተው ቆባቸውን አወለቁና ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አሁንም እንጠብቅ?»

«አላውቅም፣ አጎቴ» አልኳቸው። ይህን ቃል በሥራዬ ላይ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«እኛም እኮ አናውቅም። ታዲያ ምን ያስፈራሻል? ነይ፣ አብረን እንምከር» አሉኝ።

በማግስቱ ዘጠኝ አባወራ እሳቸው ግቢ ተሰበሰበ። እኔ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ቡቃያው የደረቀብሽ ዓመት። የቀረሽን የዘር ገብስ ጎታ ውስጥ ከተሽ አፉን በጭቃ መርገሽው ነበር። ርቦኝ ሳለቅስ እንኳ አልከፈትሽውም። ምን ያህል እንደተቀየምኩሽ! ዝናቡ ሲመለስ ከፍተሽ ዘራሽ፤ ክረምቱንም አለፍነው። እናም ግማሹን አሁን ዝሩ፣ ግማሹን ዘር አስቀምጡ አልኳቸው። ተስማሙ።

ስብሰባው ሲበተን ጓደኛሽ እትዬ አለምነሽ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያቺን ቁራሽ መሬት ብቻቸውን እንደሚያሳርሱ ታውቂያለሽ።

«የኔ መሬት ምኑ ከምኑ ይከፈላል? ለእናትሽ እንደምትነግሪያት ንገሪኝ።»

እማዬ፣ እዚህ ላይ ነው የበደልኩት። ዐሥራ ሁለት ቀን በከንቱ አስጠብቄያቸዋለሁ፤ አፍሬያለሁ። ማዶ ያለው ቡቃያ ዓይኔ ላይ ነው። ሰማዩም ጠቁሯል። «ሁሉንም ይዝሩት» አልኳቸው። ዐውቄ አልነበረም፤ ሐፍረቴን ለመሸፈን ነው።

ሰኔ እንደገባ ዝናቡ ቆመ። ዐሥራ ስምንት ቀን ጠብታ አልወረደም። የሙት ዓመትሽ የዋለው በዚያ መሐል ነው። ሰው ሁሉ መጥቶ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ስለ ዝናብ ግን አንድም ሰው አላነሳም። በር በተከፈተ ቁጥር ግን ሁሉም አንገቱን አስግጎ ወደ ሰማይ ያይ ነበር። እኔ ጠላ እቀዳ ነበር። እትዬ አለምነሽ ከጓዳ ደጋግመው እየመጡ ማሰሮውን ተቀበሉኝ። ያን ዕለት ከሳቸው ዓይን የምሸሽበት ቦታ አጣሁ።

ቡቃያው ከማዶም ከእኛም ደረቀ። ዝናቡ ሲመለስ ግማሽ ያስቀመጡት እንደገና ዘሩ፤ እትዬ አለምነሽ ግን የሚዘሩት አልቀራቸውም። እሳቸው ጋ ለመሄድ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ይሰድቡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ማሳቸው መሐል ቆመው የደረቀውን ቡቃያ በእጃቸው ይነቅላሉ። ቀና ብለው አይተውኝ «ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ቤት ግቢ» አሉኝ። ወደ ነቀላቸውም ተመለሱ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩን ለአጎቴ ነገርኳቸው፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑንም ጭምር። አልገሠጹኝም። ከዘጠኙ ቤት አንድ አንድ ቁና ዘር አሰባሰቡ፤ በወንፈል ወጥተውም መሬቱን ደግመው አረሱላቸው። የተዘራው ግን ከሁሉ ዘግይቶ ነበር። ጥቅምት ላይ የሌላው ገብስ ቢጫ ሲሆን የሳቸው ገና እሸት ነው። ከእኛ ሸሽቷል ያልኩሽ ውርጭ ዘንድሮ የመጣው በዚያው ወር ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ወደ ማሳቸው እሮጥ ነበር፤ በየቀኑ እየጎነበስኩ ዛላውን እነካካለሁ። በአራተኛው ቀን በወንዙ በኩል ያለው ነጥቶ አገኘሁት። በእጄ ሳሸው ውስጡ ባዶ ነው። እዚያው ቁጭ አልኩ፤ እንባዬ የመጣው ያኔ ነው፣ ላንቺም ለሳቸውም።

ከላይኛው በኩል ያለው ተረፈ። ባለፈው ሳምንት ታጨደ፤ ተወቃ። ለዘርና ለጥቂት ወራት የሚሆን አግኝተዋል። ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደሚሆኑ አላውቅም። ያስቀመጥነው ግማሽ ዘር ሌላውን ቤት አድኗል እያሉ ጎረቤቶቹ ያመሰግኑኛል። ምስጋናውን ሲጀምሩ መንገድ እቀይራለሁ።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እትዬ አለምነሽ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቁኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጄ፣ ለሚመጣው ዓመት ምን እንዝራ?» አሉኝ። እንደገና እኔን ጠየቁኝ! ቦርሳዬን ወደ ጎኔ ሳብኩት። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ፤ ያን ጊዜ ወደ ከተማ ቢሮ እንዲያዛውሩኝ የጻፍኩት ማመልከቻ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«እትዬ፣ የነገርኩዎት ምን እንዳመጣ አይተዋል። እንደገና ብሳሳትስ?»

«ትሳሳቻለሽ። ደግሞም ቡቃያው ሲደርቅ መጥተሽ አብረሽኝ ቆመሻል። ብቻ ጥለሽን አትሂጂ» አሉኝ።

ማመልከቻውን አልቀደድኩትም፤ አላስገባሁትምም። አሁን ስጽፍልሽ ጠረጴዛው ላይ ነው። ነገ ስለ ዘር ለመምከር አጎቴ ግቢ እንሰበሰባለን። ቀድሜ እሄዳለሁ። ያነበብኩትን እነግራቸዋለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፤ እነሱም የሚያውቁትን ይነግሩኛል። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ እሱንም ይዤ እሄዳለሁ።

አንቺን ግን፣ እማዬ፣ ትንፋሼ እስካለ አልረሳሽም። በየቅዳሴው ስምሽን አስጠራለሁ።

ልጅሽ