ሦስት ጉርሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሦስት ክፍል አስተማርኩ። ደብረ ብርሃን ብርዱ ጠንክሯል። ምሳ ላይ አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ ጨረስኩ። ሙሉ! ውፍረት ለመቀነስ ኦፕሬሽን የሆንኩ ሰሞን ከሦስት ጉርሻ በላይ አያልፍልኝም ነበር። "ጨጓራሽን ቆርጠን አሳንሰነዋል፤ እላዩ ላይ እየጨመርሽ ካስጨነቅሽው ግን ይሰፋል" ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። ሚዛን ላይ ወጣሁ። አምስት ኪሎ ጨምሬአለሁ... ሰፍቶ ይሆን? ያን ሁሉ ሕመም የቻልኩት ለዚህ ነው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የኔው ነው። አምና ለአባባ "አዲስ አበባ ሥልጠና አለብኝ" ብዬ ሄጄ ኦፕሬሽኑን ሆንኩ። ቄስ ናቸው፤ "ጤነኛ ገላሽን በቢላ አስነካሽ?" እንዳይሉኝ ፈራሁ። አርባ ኪሎ ቀንሼ ሲያዩኝ ደነገጡ። "ምን ነካሽ ልጄ?" "ጨጓራ ነው" አልኩ። ግማሹ እውነት... ከዚያ ወዲህ አንኮበር እሳቸው ቤት በሄድኩ ቁጥር "በሞቴ ብዪ" ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
አንኮበር ዋልኩ። ሙሉዬ፣ አባባን የምትጦረው የአክስቴ ልጅ፣ ቅቤ የጠገበ ገንፎ አቀረበች። አባባ ራሳቸው ማንኪያውን ያዙ።
"በሞቴ! ይቺን ብቻ።"
"ጠገብኩ፣ አባባ።"
"ሰው ከሦስት ማንኪያ ይጠግባል? አፈር ስሆን!"
ጎረስኩ። ደረቴ ሥር ተወጠረ። ጓሮ ወጥቼ አስመለስኩት። ስገባ ሌላ ማንኪያ ይጠብቀኛል። "እርስዎስ?" ብላቸው "እኔ ቀምሻለሁ" አሉ። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ አየሁ፣ በምስማር የተበሳ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
አዲስ አበባ ወርጄ ታየሁ። ሐኪሙ በካሜራ አይቶ "ይህን ያህል አልሰፋም። አበላልሽ ነው የተበላሸው። ሲበቃሽ ለምን አታቆሚም?" አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ለማቆም አባባን እምቢ ማለት አለብኝ። እምቢ ለማለት ደግሞ መናገር...

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ሙሉዬ ደወለች። አባባ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ወድቀው ነበር።
"አሁን ደህና ናቸው። አቅም አንሷቸው ነው።"
"ከምኑ የተነሣ?"
"እንዳልነግርሽ አስምለውኛል። ያንቺ ሥጋ እስኪመለስ ብለው ለመድኃኔዓለም ተስለዋል። በቀን አንዴ፣ ያውም ቆሎና ውኃ ብቻ ነው የሚቀምሱ።"
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ከታመምሽ።"
አልታመምኩም እኮ! ስምንት ወር ሙሉ እኔን በቅቤ እያጎረሱ... እኔ ስለ ጨጓራዬ ስጨነቅ የሳቸውን ፊት እንኳ በቅጡ አላየሁም። አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
አንኮበር ነኝ። ነገርኳቸው። ሁሉንም። ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።
"እኔ 'ሥጋዋን መልስላት' ስል፣ አንቺ 'እንዳይመለስብኝ' ትያለሽ?"
"አዎ፣ አባባ።"
"እግዜርን አስቸገርነው በይኛ፣ ማኅደሬ።"
ሳቅ ብለው ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስለቱን ምን እንደሚያደርጉት ብጠይቃቸው "ያልታመመ ሰው ስለት የለውም" አሉ።

ምሳ ቀረበ። በተራዬ ጠቅልዬ "በሞቴ" አልኳቸው። ጎረሱ። ደገምኩ። በሦስተኛው እጄን ያዙኝ።
"በቃኝ ልጄ። ከዚህ በላይ አይገባልኝም።"

የኔን ጨጓራ ያጠበበው ሐኪም ነው። የሳቸውን እኔ ነኝ።